ወንዝ ዳር የቀረ ኮት

በእኛ በይፋት ቆላ ሰው ያለ ምክንያት አይሮጥም። ሬዲዮው «የሯጮች አገር» እያለ ሲያሞግሰን እኛ ሸዋ ሮቢቶች ማንን ነው ብለን ወደ ኋላችን እንዞራለን። የሚሮጡት ደገኞቹ ናቸው። እኛ ጋ ሰው የሚሮጠው እባብ ሲያይ፣ የደሴው አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል፣ ወይም የእድር ጡሩንባ ሲሰማ ነው። ከዚህ ውጪ ሲሮጥ የተገኘ ወይ አብዷል ወይ ሰርቋል። ታዲያ እኔ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ ቦርጭም ትዳርም ያለኝ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ምን ነክቶኝ ሮጥኩ?

አፌ ነው ጉድ የሠራኝ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በሚሊኒየሙ ስም ነበር፤ ችግኙም የሚተከለው፣ አጥሩም ኖራ የሚቀባው፣ ስብሰባውም የሚጠራው። አንድ ቀን ታዲያ ርእሰ መምህሩ እኛን አስተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስበው ደብዳቤ አነበቡልን። የስፖርት በዓል ሊደረግ ስለሆነ ከየወረዳው አንድ ሰው ለትራያትሎን ይላክ ይላል። ትራያትሎን ምን ይሆን ብለን ስንጠይቅ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን መጀመሪያ ይዋኛል፣ ከውሃው ወጥቶ ብስክሌት ይነዳል፣ ከብስክሌቱ ወርዶ ደግሞ ይሮጣል ተባልን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ይህ ሁሉ የሚፈረድበት ምን ያጠፋ ሰው ነው ብሎ ሲያጉረመርም ሰማሁት።

ይህን ጊዜ መምህር ሰይድ ሳቀ። መምህር ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። በትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ አስተማሪዎች እሱና እኔ ሁለት ነበርን፤ የግድግዳ ካርታ ግን አንድ። በዚያች ካርታ ሰበብ ስድስት ወር ተኳርፈናል። እሱ ካርታዋን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ እኔም ሰላምታዬን ቆለፍኩበት። ይኸው ሰይድ ታዲያ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው፣ ወላሂ ከኛ ውስጥ የሚዋኝ ቢገኝ እኔ እከተለዋለሁ ብሎ ሳቀ። እኔን አይቶ የሳቀ መሰለኝ። ብድግ ብዬ «እኔ እዋኛለሁ!» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጭብጨባው ቀለጠ፣ ስሜ ተጻፈ፣ እኔም ተቀመጥኩ።

እርግጥ በልጅነቴ ቀወት ገጠር ውስጥ ወንዝ ለወንዝ ተንቦጫርቄ አድጌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ወንዝን የማውቀው በካርታ ላይ ነው። ካርታውም ተቆልፏል።

ይህ ሁሉ ከሙሉ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ሙሉ ባለቤቴ ናት። ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟን ደራሽ ወስዶባታል። ቆላ ያልኖረ ሰው ደራሽን አያውቅም። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ቁርጭምጭሚት የማይደርሰው ወንዝ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ቤት ያክላል። ሙሉ ድልድዩን ስትሻገር እንኳ ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች እንጂ ወንዙን አታየውም። ጉዳዩን ስነግራት አልጮኸችም። መሮጡን ሩጥ፣ ብስክሌቱንም ንዳ፣ ወንዝ ከገባህ ግን ሚስት አለችኝ እንዳትል አለችኝ። እኔም አልገባም ብዬ በማርያም ማልኩ። ታዲያ ዋናውን የት ልትለምደው ነው ስትል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዴ ተኝቼ አልኳት። አንድ ሳምንት ሙሉ እውነትም ወንበር ላይ ተንፈራገጥኩ። ሙሉ እያየችኝ ከልቧ ሳቀች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ከወንበር ጀምሮ ነው።

ወንበር ላይ የተለመደ ዋና ግን ለወንበር ነው የሚበጀው። በሁለተኛው ሳምንት መሐላዬን በላሁ። ለሩጫ ወጣሁ እያልኩ በማለዳ ወደ ሮቢ ወንዝ መውረድ ጀመርኩ። ኅሊናዬ አልከሰሰኝም? ከሶኛል፤ ግን ቀጠሮ እየለወጥኩ ቆየሁ።

ያቺ ቅዳሜ ሦስቱን በአንድ ቀን አከታትዬ የምሞክርባት ነበረች። አስተማሪ በቁምጣ ከተማ መሀል አይታይምና ቁምጣዬን ከውስጥ፣ ሱሪና ኮቴን ከላይ ለብሼ ወጣሁ። ከድልድዩ በላይ፣ ከመታጠፊያው ጀርባ፣ ረጋ ያለ ጥልቅ ውሃ አለ። ኮትና ሱሪዬን አጣጥፌ ድንጋይ ላይ አኖርኩ። ጫማዬን ከጎኑ ደረደርኩ። ውሃ ውስጥ ጣቴ ላይ እየላላ ያስቸገረኝን የጋብቻ ቀለበቴን ደግሞ አውልቄ በካልሲ ጠቅልዬ ጫማዬ ውስጥ ከተትኩ። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ማድረጌ ነው በኋላ ያስገረመኝ፤ ራሴን ለመቅበር ያሰናዳሁ እንጂ ለስፖርት የሄድኩ አልመስልም ነበር።

ዋኝቼ ማዶ ወጣሁ። ማዶ ባለው የማንጎ እርሻ ጠባቂው ዘንድ ብስክሌት፣ ቀይ ካናቴራና ሸራ ጫማ አስቀምጬ ነበር። እሱ ገና አልመጣም። ለብሼ፣ ከፀሐዩ ለመዳን እርጥብ ፎጣ ተከናንቤ፣ ወደ ጀውሃ ከተማ ነዳሁ። ጀውሃ የቆሙት የጭነት መኪና ሾፌሮች ቁርሳቸውን ትተው አዩኝ። አንዱማ መኪናህ ተበላሽቶብህ ነው ወይ ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። ተመልሼ ብስክሌቱን ቦታው አኖርኩና በእግሬ ሩጫ ጀመርኩ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ታች ተመለከትኩና ክው አልኩ። ወንዙ ቡና መስሎ ሞልቷል! ደራሹ መጥቷል! አማትቤ፣ እንኳን ቀድሜ ወጣሁ ብዬ ተደሰትኩ። ስለ ኮቴ ግን አላሰብኩም። ሰው ነፍሱ ከተረፈች ኮቱን ያስታውሳል?

ከተማው ጫፍ ስደርስ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ተክሌ ጡሩንባቸውን እየነፉ፣ ሕዝቡ ከኋላቸው እየጎረፈ መጡብኝ። በእኛ አገር ጡሩንባ ሲነፋ ቆሞ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ በመንገድ ይጠየቃል። እኔም ዞሬ አብሬ ሮጥኩ። አጠገቤ ዱላ ይዞ የሚሮጠውን ገበሬ ማን ሞቶ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ውሃ ወስዶታል አለኝ።

በትምህርት ቤታችን ያሉት የጂኦግራፊ አስተማሪዎች ሁለት ናቸው። እኔ እንዳልሞትኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ የሞተው ሰይድ ነው።

ወይኔ ሰይድ! ያኔ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ላውራችሁ? ስድስት ወር የነፈግኩት ሰላምታ አንድ ላይ እንደ ዕዳ መጣብኝ። ለአንዲት ካርታ! ያውም ባሕሯ የደበዘዘ፣ ጠርዟ በአይጥ የተበላ ካርታ! ፎጣዬን አፌ ላይ ይዤ፣ ወንድሜን ሳልታረቀው እያልኩ እየተነፋረቅኩ ሮጥኩ። ያን ያህል ፍጥነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሮጬ አላውቅም። ጋሽ ተክሌን አለፍኳቸው። ቀጥሎ ለማን እንደሚነፉ እንኳ አላሰብኩም።

ወንዙ ዳር ደረስኩ። ከሕዝቡ ፊት አንድ ሰው ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ሰብስቦ፣ ረጅም እንጨት እየሰደደ ውሃውን ይፈትሻል። ከጎኑ ሄጄ እንጨቱን አብሬው ያዝኩና መፈተሽ ጀመርኩ። ሰውዬው ሳያየኝ ያለቅሳል፤ «ኢና ሊላሂ! ያን ካርታ ምን ነበር ብሰጠው፣ መቃብር ይዤው ልገባ ነው?» ይላል። ድምፁን አወቅሁት። ሰይድ ነው። እኔ የማለቅስለት ሰይድ ቆሞ ያለቅሳል! እሱም ቀና ብሎ ከፎጣው ሥር ፊቴን አየ። «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ እንጨቱን ለቀቀው፤ እንጨቱን ወንዙ ይዞት ሄደ። ታዲያ ሰይድ ካልሞተ ማን ነው የሞተው? ይህን ጥያቄ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በእውነት ጠየቅሁት። ሰይድ በጣቱ ወደ ድንጋዩ ጠቆመኝ። ኮቴ የለም፣ ሱሪዬና ጫማዬ ብቻ አሉ፤ ለካ አንድ ተማሪዬ ልብሴን አውቆ ነው ለከተማው የጮኸው።

ኮቴን ያየሁት ሙሉ ደረት ላይ ነው። ድልድይ ላይ ሆና እንኳ ይህን ወንዝ የማታይ ሴት፣ ዋና የሚባል ነገር የማታውቅ ሴት፣ ቀሚሷን እንደለበሰች እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ቆማለች። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አጋጥመው ወገቧን አስረው ከዳር ይጎትቷታል፤ እሷ ደግሞ ወደ ውስጥ ትስባለች። በአንድ እጇ ኮቴን ይዛ በሌላው ውሃውን ትዳብሳለች፤ አልጋ ሥር የጠፋ ነገር እንደሚፈለግ። «ሙሉ!» አልኩ።

ዘወር አለች። እልል ትላለች ብዬ ነበር። ወይም በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጉንጬን አሰናድቼ ነበር። ከውሃው ወጣች፤ ቀድማ አግኝታው ኖሮ፣ እየተንጠባጠበች ሄዳ ከጫማዬ ውስጥ ካልሲውን አወጣች፤ ቀለበቱን ፈትታ መጥታ ጣቴ ላይ አደረገችልኝ። እጇ እንደ በረዶ ነበር። ከዚያ፣ የወንድሜም ልብሱ ነበር የቀረልን አለችኝ። ኮቴን እየጨመቀች ደግሞ፣ መግባትህ ካልቀረ ግባ፣ ልብስህ ወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ግን ዳግመኛ እንዳላየው አለች። መሐላዬን መብላቴን አንድም ቃል አላነሳችም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር። ሕዝብ ፊት ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጋሽ ተክሌ ያን ጊዜ ደርሰው ኖሮ፣ ለሞተው ነው ወይስ ለተነሣው የምነፋው ብለው ጠየቁ።

ሰኞ ዕለት የካርታው ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰይድም ወላሂ ብሎ የማለውን አክብሮ ልምምዴን በእግሩ ይከተለኝ ጀመር። ሙሉም ትመጣለች። ፊቷን ከወንዙ አዙራ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች፤ ልብሴን ጭኗ ላይ ታደርጋለች፤ እኔ እዋኛለሁ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ዋናው በአንድ የመስኖ ግድብ ውስጥ ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነን። ሁላችንም ብስክሌታችንን ዳር አቁመን፣ ቁጥራችን ደረቱ ላይ የተሰፋበትን ካናቴራና ጫማችንን ከጎኑ አኑረን ውሃ ገባን። ሦስተኛ ሆኜ ወጣሁ። እኔ! ሦስተኛ! በደስታ ወደ ብስክሌቴ ሮጥኩና እዚያው ደረቅኩ። ብስክሌቱ አለ፤ ካናቴራ የለም፣ ጫማ የለም። የሌሎቹ ሁሉ ቦታው ላይ ነው። ዙሪያውን ብፈልግ፣ ሳር ብገልጥ፣ የለም። ምን አማራጭ አለኝ? በባዶ እግሬ፣ በቁምጣ ብቻ፣ ቦርጬን መሪው ላይ አሳርፌ፣ በገበያ ቀን በገበያው መሀል ነዳሁ። ሴቶች ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ በዚያው በባዶ እግሬ በጋለ አስፋልት ሮጥኩ።

መጨረሻው መስመር ላይ ሙሉና ሰይድ ቆመዋል። ሙሉ ካናቴራዬን አጣጥፋ፣ ጫማዬን ደርባ፣ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ለካ ውሃ ስገባ ጠብቃ ልብሴን ሰብስባ፣ ሰይድን አስከትላ በሚኒባስ ቀድማኝ መጥታለች። ብቻውን ውሃ ዳር አይቀመጥም አላልኩህም ነበር ወይ አለችኝ፣ ዓይኗ እየሳቀ። አቀፍኳት።

ዳኛው ግን ቁጥርህ የታለ አለኝ። ሙሉ ካናቴራውን ዘርግታ አሳየችው። ቁጥሩ ከሁሉም ተወዳዳሪ ቀድሞ መድረሱን ሰይድ በወላሂ መሰከረ። ዳኛው ቁጥር የሌለውን ሰው አላየሁም ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ማታ ለወረዳው የደረሰውን የውጤት ወረቀት አየሁት። የሌሎቹ ደረጃ ተጽፏል። በእኔ ስም ፊት ለፊት ያለው ግን «ውሃ ገብቷል፤ አልወጣም» ይላል።

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለሙሉ እስከ ዛሬ አላሳየኋትም።