ለእንግዳ የተቀመጡት ጃኬቶች

ጥሩውን ብርጭቆ ለእንግዳ ቆልፎ፣ በተሸረፈው እየጠጣ የሚያረጅ ሰው አታውቁም? ባለጀልባው ወልዴ እንደዚያ ነው። ማዶ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ከቦንጋ ወጥቼ የጎጀብን ወንዝ ስሻገር፣ ጀልባዋ ላይ ቀያይ የመንሳፈፊያ ጃኬቶች በላስቲክ ተጠቅልለው በገመድ ታስረው አየሁ።

«ለምን አንለብሳቸውም?» አልኩት።

«ይቆሽሻሉ እኮ እማማ! እንግዳ ከዞን ሲመጣ ነው የሚለበሱት።»

ውሃው ታዲያ ከዞን የመጣውን ከቀበሌ ሰው ለይቶ ነው የሚውጠው?

መሀል ስንደርስ ጀልባዋ ከግንድ ጋር ተጋጭታ ውሃ አስገባች። ወልዴ ወደ ጃኬቶቹ ዘለለ። ቋጠሮው ግን በጥርሱም ቢሞክር እምቢ አለ። እኛ ተሳፋሪዎቹ በጫማችን ውሃ እየጨለፍን፣ ወንዙም አዝኖልን መሰለኝ፣ ዳር ደረስን። ያኔ ቋጠሮው ተፈታ። ወልዴም ጃኬቶቹን አራግፎ መልሶ አሰራቸው፤ አሁንም ጥብቅ አድርጎ!

ስመለስ ነጠላዬን አስተካክዬ ዳር ላይ ቆምኩ።

«ይግቡ እንጂ እማማ!»

«ዛሬ እንግዳ ነኝ፤ መጀመሪያ አልብሰኝ።»

«ከየት የመጡ እንግዳ?» ብሎ ሳቀ።

«ከወንዙ መሀል።»

ሳቁን ዋጠና፣ ቋጠሮውን ለሁላችንም ፈታው።