የተገራ ካሜራ

አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ጉድለቱን የሚደብቅና በጉድለቱ የሚኮራ። የመጀመሪያው ኪስህን ያራግፋል፤ ሁለተኛው ዕድሜህን ይጨርሳል። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ለእኛ ለሶዶ ከተማ ሰዎች የደረሰን ክቡር የሰርግ ፎቶ አንሺ አቶ ጦና ነው።

ጦና ወደ ፎቶ ከመግባቱ በፊት በዴሳ ገበያ የበሬ ደላላ ነበር። እሱ ድለላውን ተወ እንጂ ድለላው እሱን አልተወውም። ዘንድሮ ቪዲዮ የሚቀርጽ ካሜራ ካልያዘ ሰርግ የሚሰጠው እንደሌለ ገባውና፣ ጥር ሳይገባ አሮጌውን ሸጦ አዲስ ሊገዛ ቴሌግራም ላይ ጨረታ አወጣ።

ማስታወቂያውን ሳነብ ራሴን ያዝኩ። «ከሦስት መቶ ሺህ ፎቶ በላይ ያነሣ! አረካ ላይ ዝናብ የመታው! ገሱባ መንገድ ላይ ከሞተር ወድቆ የተነሣ!» መነሻ ዋጋው ከአዲሱ ብዙም አያንስም።

«ወንድሜ ጦና፣ ብዙ የሠራ ካሜራ እኮ ዋጋው ይወርዳል» አልኩት።

በአዘኔታ አየኝ። «አንተ በሬ ገዝተህ ታውቃለህ? አዲስ ካሜራ ወይፈን ነው፤ ገና ልታስተምረው ነው። ይሄ የተገራ በሬ ነው! ሰርግ ቤት ስንገባ ሙሽራዋን ራሱ ፈልጎ ያገኛታል።»

ተጫራች ሲጠፋ ክቡርነቱ ዋጋውን ጨመረ። «ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ሰርግ ሠርቷል፤ ልምድ አግኝቷል» አለ። ሚስቱ አስናቀች «ጥር መጣ፣ ሰው ይስቅብናል» ብላ ስትነዘንዘው ነው ዝቅ ያደረገው። ያኔ ጨረታው ደራ። ለእያንዳንዱ ተጫራች ግን ምርመራ አለው፦ «የማን ልጅ ነህ? ለምን ሥራ ፈለግኸው?» ካሜራ ይሽጥ ልጅ ይዳር ግራ ያጋባል።

በመጨረሻው ቀን አንድ ጥገና ቤት ያለው ሰው ከሁሉም በላይ ሰጠ። በዚያ ገንዘብ አዲሱ ይገዛል፤ አስናቀች እልል ልትል ትንሽ ቀራት። ጦና እንደ ልማዱ ለምን እንደፈለገው ጠየቀ። ሰውየውም ሳይደብቅ «ፈታትቼ ለመለዋወጫ» ብሎ ጻፈ።

ጦና ከሥሩ መለሰ፦ «ያረሰልኝን በሬ ለአራጅ አልሸጥም። ጨረታው ተዘግቷል።»

አስናቀች አኮረፈችው። እኔም ሞኝነቱን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ስቄበታለሁ። ሰው ሁሉ ቪዲዮ ወዳለው ሄደ፤ ለጥር አንድም ሰርግ ሳይዝ ቀረ።

ልጄ ፋና በጥር ታገባለች። ድሮን አስነሥቶ ከሰማይ የሚቀርጽ ባለሙያ መርጣ ጨርሳ ነበር። ፎቶውን የሚያነሣው ጦና ነው ስላት «አባዬ፣ ሰው ምን ይላል?» ብላ አለቀሰች። ያለውን ይበል። እኔ ይህን ሞኝ እወደዋለሁ፤ በሰርጉ ቀንም ከሙሽራው ይልቅ በጉጉት የምጠብቀው እሱን ነው።