አልጋ የሚያሞቀው ቄስ

ጣሊያን የሚጥለው ዕቃ የለም። ወይ ይጠግነዋል፣ ወይ ለአማቹ ይሰጠዋል፤ ሁለቱም ካልሆነለት ሙዚየም ይከፍትበታል። አላመናችሁኝም? እንግዲያውስ ከሮማ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል በባቡር ሂዱና ኮረብታ ላይ የተሰቀሉትን ትንንሽ ከተሞች ተመልከቱ። እያንዳንዳቸው አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ፋርማሲ፣ ሁለት ቡና ቤትና አንድ ሙዚየም አላቸው። ቡና ቤቶቹ ሁለት የሆኑት የከተማው ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ስለማይነጋገር ነው። ሙዚየሙ ለምን እንዳስፈለገ ግን... እሱን ነው የማወጋችሁ።

እኔ የምሠራው ከእነዚህ ከተሞች በአንዷ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ከንቲባዋ ቶሎ ይከፋቸዋል። ሥራዬ ባዳንቴ ነው፤ አረጋውያንን ቤታቸው ሆኜ እጠብቃለሁ። የምጠብቃቸው ሰው ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው። ከተማው ሁሉ ማኤስትሮ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። በየቀኑ ረፋዱ ላይ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ "አሎራ፣ እንሂድ" ይሉኛል። የምንሄደው ወደ ሙዚየማቸው ነው። ዳይሬክተሩ እሳቸው ናቸው፣ ዘበኛው እሳቸው ናቸው፣ ጎብኚውም እሳቸው ናቸው። እኔ የጽዳት ክፍል ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው ከተማዋ ትራክተር ያየች ጊዜ ነው። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ለምድጃ ሲፈልጥ፣ ያኔ ወጣት የነበሩት ማኤስትሮ አላስቻላቸውም። ከትምህርት ቤት ሲወጡ የእጅ ጋሪ እየገፉ፣ "የምታቃጥሉትን ለእኔ ስጡኝ" እያሉ ከቤት ቤት ዞሩ። ሰዉ መጀመሪያ ያበዱ መስሎት ነበር። በኋላ ግን ቤቱን ማጽዳት ባሰኘው ቁጥር እሳቸውን መጥራት ለመደ። አሮጌው የወይራ ዘይት መጭመቂያ ቤት የሞላው እንዲህ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ወንፊት፣ የሊጥ ገንዳ፣ በሬ የሚያህል የወፍጮ ድንጋይ... ከየዕቃው ሥር የሰጪው ስም በማኤስትሮው የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል። ጥግ ላይ ገለባ የተሞላ ተኩላ አለ። ተኩላ ነው የሚሉት ማኤስትሮው ናቸው። ከተማው ግን የድሮው ፋርማሲስት ውሻ ነው ይላል።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሞፈሩ ፊት አቆሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አዎ ማኤስትሮ። አጎቴ ባለፈው ማክሰኞ አርሶበታል።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ደብተር አወጡ፣ እርሳስ ቀረጹ። "ንገሪኝ" አሉ። እኔ የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ያላወቅሁትን ወደ ደብረ ብርሃን እየደወልኩ አጎቴን ጠየቅሁላቸው። ሞፈሩ ሥር ያለው ጽሑፍ እስካሁን ሦስት ጊዜ ታርሟል። የአጎቴ ማሳ እንኳ እንዲህ ታርሞ አያውቅም!

እንዲህ እንዲህ እያልን አራት ዓመት በሰላም ኖርን። ባለፈው የጸደይ ወቅት ግን ከኮሙኔው፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ደብዳቤ መጣ። ቤቱ ለስፖርት አዳራሽ ይፈለጋል፤ ጎብኚ የሌለው ሙዚየም ሙዚየም አይባልም፤ የባህል ጉዳይ ኃላፊዋ በወሩ የመጨረሻ እሑድ መጥተው፣ የጎብኚዎችን መዝገብ አይተው ይወስናሉ፤ ይላል። መዝገቡን ከፈትነው። የመጨረሻው ፊርማ የሁለት ጀርመኖች ነው። ደህና አድርጌ አስታውሳቸዋለሁ፤ ሽንት ቤት ጠይቀው ነው የገቡት።

ማኤስትሮው ምግብ ተዉ። ረፋዱ ሲደርስ ኮታቸውን ከተሰቀለበት አላወረዱም። ሚላኖ ያለችው ልጃቸው ደውላ፣ "ፓዚየንዛ፣ ፓፓ፤ ምን ይደረጋል" አለቻቸው። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ስልኩ ላይ አስጠርታ፣ እንዲህ ከቀጠሉ የአረጋውያን ማረፊያ ማስገባት ሳይሻል አይቀርም አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለእሳቸው አዘንኩ፤ ለራሴም አዘንኩ። እሳቸው ማረፊያ ቤት ከገቡ ኮንትራቶዬ አለቀ፤ ኮንትራቶ ከሌለ ደግሞ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም። የጣሊያን ኑሮዬ በአንድ ሞፈርና በአንድ ውሻ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ይቅርታ፣ ተኩላ።

እትዬ ጽጌ ጋ ደወልኩ። እትዬ ጽጌ ሮማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰው ቤት የሠሩ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የለቅሶውም፣ የሠርጉም፣ የጉዞውም አስተባባሪ ናቸው።

"እትዬ፣ እሑድ ሰው ያስፈልገኛል። ብዙ ሰው።"

"ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም! የሚጎበኝ ቦታ አለ።"

"ምን ዓይነት ቦታ?"

እንግዲህ እዚህ ላይ ምን ዋሸሁ? እናንተው ፍረዱኝ። "ጥንታዊ ቦታ ነው፤ ኮረብታ ላይ ነው" አልኩ። "አንድ ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን ብቻቸውን ሲጠብቁት ኖረዋል። አሁን ሰው ረስቷቸዋል። ምግብም ትተዋል።"



"ምግብ ትተዋል?" አሉ እትዬ ጽጌ፣ ድምፃቸው ተለውጦ።

"ከረቡዕ ጀምሮ።"

"በቃ፣ እኔ ፑልማን እይዛለሁ!"

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከትልቅ አውቶቡስ አንድ ሙሉ ፑልማን ሰው አደባባዩ ላይ ወረደ። በቀጥታ ከቅዳሴ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ከፊት ቀሲስ መስቀላቸውን ይዘው ይራመዳሉ። ቀሲስ እሑድ ይቀድሳሉ፤ በሌላው ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናሉ። ቡና ቤት በረንዳ ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ካርታቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ሁለቱም ቡና ቤቶች፣ በአንድ ጊዜ! አንዲት ሴት ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ "ባሕታዊው የታሉ?" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። እትዬ ጽጌ ሰዉን ገዳም ብለው ነው ያመጡት።

ለማስረዳት አፌን ስከፍት ሰዉ ጫማውን አውልቋል። አንዱ መቃኑን ይሳለማል፣ ሌላው ደፉን ይስማል። ማኤስትሮው ከረባታቸውን አስረው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ለሙዚየማቸው ጫማውን ያወለቀ ሰው በሕይወታቸው አይተው አያውቁማ! የባህል ጉዳይ ኃላፊዋም ልክ በዚህ ሰዓት ደረሱ። የጫማውን ክምር አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ እኔን አዩ።

"በእናንተ አገር ሙዚየም የሚጎበኘው እንዲህ ነው?"

"እንደ ሙዚየሙ ነው፣ ሲኞራ" አልኩ።

ጉብኝቱ ተጀመረ። ማኤስትሮው ያስረዳሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሞፈሩ ጋ ሰላም ነበር። ወንዶቹ ቀንበሩን እያነካኩ "ይሄማ የእኛው ነው" ተባባሉ። ተኩላው ጋ አንድ ሰው "ውሻ ነው" አለ፤ እሱን አልተረጎምኩም። ቀጥሎ የድሮ ገበሬ መኝታ ክፍል ደረስን። አልጋው ላይ ከተጣመመ እንጨት የተሠራ፣ ቃሬዛ የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ማኤስትሮው እጃቸውን ጫኑበትና ፈገግ ብለው "ፕሬቴ" አሉ። ፕሬቴ ማለት ቄስ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጭንቅላቴ ደክሞ የምሠራው በአፌ ብቻ ነበር።

"ይህ ቄስ ነው" አልኩ።

ቀሲስ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ።

"ብርድ በገባ ቁጥር የማኤስትሮው እናት ቄሱን አልጋቸው ውስጥ ያስገቡት ነበር።"

ሰዉ ሁሉ ዓይኑን አልጋው ላይ ተከለ።

ማኤስትሮው ተማሪዎቻቸው በጥሞና የሚከታተሉ መሰላቸው፤ ቀጠሉ። እኔም ቀጠልኩ። "ከሥሩ ደግሞ መነኩሲቷ ትገባለች። እንደ እሳት የጋለች።"

አንዲት ሴት አማተበች። እትዬ ጽጌ፣ "ልጆቹን ወደ ውጭ አውጡልኝ" አሉ።

"አባትየውስ ምን ይሉ ነበር?" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ተርጉሚ አሉኝ፤ ተረጎምኩ።

"አባቴማ ደስ ይለው ነበር!" አሉ ማኤስትሮው። "ያለ ቄስ እንቅልፍ አይወስደውም።"

ቀሲስ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ደህና አድርገሽ ነው የምትሰሚያቸው?"

ማኤስትሮው ጣልቃ ገቡ። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ክፍሉ እንዳልገባው ከፊቱ ያውቃል። ኮታቸውን አወለቁና ለባህል ጉዳይ ኃላፊዋ አስያዙ። ብርድ ልብሱን ገለጡ፣ እንጨቱን አልጋው መሀል አስገቡ፣ ከሥሩ የፍም ማስቀመጫውን የሸክላ ድስት አኖሩ፣ ብርድ ልብሱን መልሰው አለበሱት። አልጋው እንደ ድንኳን ተነፋ። "ፕሬቴ" አሉ እንጨቱን እየነኩ። "ሞናካ፣ መነኩሲት" አሉ ድስቱን እያሳዩ። ከዚያ እጃቸውን እያፋተጉ "ካልዶ! ሙቀት!" አሉ።

"አልጋ ማሞቂያ ነው!" ብሎ አንዱ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያማተበችው ሴት ሳትቀር እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እትዬ ጽጌ አልሳቁም። እኔን ትክ ብለው እያዩ፣ "ገዳሙ ይሄ ነው?" አሉ።

ቀሲስ ግን ሐሳባቸው እንጨቱ ላይ ነበር። "ለምን ቄስ አሉት?" ብለው አስጠየቁ።

"እርግጠኛ አይደለሁም" አሉ ማኤስትሮው። "ሌላው እንዲሞቅ ብሎ እሱ ከእሳት ጋር ስለሚያድር ይመስለኛል። አንዳንዴም ራሱ ይቃጠላል።"

ቀሲስ ካርቶን ያደነደነውን እጃቸውን ተመለከቱ። "ስሙ ልክ ነው" አሉ።

በመጨረሻ ኃላፊዋ መዝገቡን ጠየቁ። ከፍቼ ሳየው ደነገጥኩ። ሰዉ ገዳም በር ላይ መዝገብ ሲያገኝ የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ ለጸሎት የሚታሰቡ ስሞችን ጽፏል። የራሱን የክርስትና ስም፣ የታመመች እናቱን፣ ሱዳን የቀረ ወንድሙን፣ አንዷ ደግሞ ዶኩሜንቶ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ እየጠበቀ ያለ ባሏን፣ ያረፉ ወላጆችን... መዝገቡ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል። ኃላፊዋ ፊደሉን ባያነቡትም መስመር መቁጠር አላቃታቸውም።

"ይህ ሁሉ ሰው መጥቷል?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ማኤስትሮው አጠገቤ ባይቆሙ እዋሽ ነበር።

"ሁሉም አልመጡም፣ ሲኞራ። ከፊሎቹ አገር ቤት ናቸው፣ ከፊሎቹ ታመዋል፤ የሞቱም አሉባቸው። ሰዉ ስማቸው እዚህ እንዲቀመጥላቸው ፈልጎ ነው።"

ኃላፊዋ የሊጡ ገንዳ ጋ ሄደው ከሥሩ የተጻፈውን የሰጪውን ስም አነበቡ። ቀንበሩንም አነበቡ። ወንፊቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ሥሩ የተጻፈው የአያታቸው ስም ኖሯል። ተመልሰው መዝገቡን ዘጉና፣ "ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ለስፖርቱ ሌላ ቤት እንፈልግለታለን" አሉ።

ማኤስትሮው የዚያን ዕለት እራት ሁለት ሳህን ፓስታ በሉ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከእኔ ቀድመው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ማክሰኞ እትዬ ጽጌ ደወሉ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ቀደምኳቸው። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ግን ገዳም ነው አላልኩም እኮ..."

"እሱን ተይው። የሚመጣው እሑድ ከቦሎኛ ሁለት ፑልማን ይመጣል።"

"ለምን?"

"አንዲት በምርኩዝ የመጣች ሴት ነበረች። ሰው ሲስቅ እሷ ትልቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጸልይ ነበር። ጉልበቷ ተሻላት! ትናንት አራተኛ ፎቅ በእግሯ ወጣች።"

"እትዬ! እሱ እኮ የወይራ መፍጫ ነው!"

"እኔ አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ" አሉኝ። "ጉልበቷ ግን ገና አልሰማም። ዝም በይ!"