አንቴና ለብቻ አይዞርም

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ብቻ ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው። በካዛንቺስ አንቴናውን ብቻውን የሚያዞር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ እኔ ነበርኩ። እሷ እያለች እኔ ጣሪያ ላይ አዞራለሁ፣ እሷ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ «መጣ! ሄደ!» ትለኛለች። ለብቻ ግን አዙሮ መውረድ፣ አይቶ መውጣት ነው፤ ደብረ ዳሞ መውጣት ይቀላል።

አንድ እሑድ ከታች «መጣ! እንዳትነካው!» የሚል የሴት ድምፅ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ የተበተነ ጤፍ ብቻ! ለካ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሸምሲያ ለባሏ ነው የጮኸችው። ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጋሼ፣ ምነው?» አለች በአጥሩ።

«ያንቺ ‹መጣ› ለእኔ መስሎኝ።»

«በሉ ይውጡ፣ እኔ አይልዎታለሁ!»

እውነቱን ልንገራችሁ? ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ ጥርት ባለበት እሑድም ሆን ብዬ አንቴናውን አጣምም ነበር። ያንን ጊዜ ያሻገረችኝ ወይዘሮ ሸምሲያ ናት።