ክብርት አለቃና አልታዘዝ ያለው እጅ

ማንም ሳይሾማት አለቃ የምትሆን ሴት የሌለችበት ቦታ የለም። ሰልፍ ላይ ትገኛለች፣ ሐኪም ቤት በር ላይ ትገኛለች፣ ሊፍት ውስጥ እንኳ ቁልፉን የምትጫነው እሷ ናት። በአንድ ሆስፒታል ፎቅ ላይ፣ የጡት ካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ ሴቶች አብረው ስፖርት በሚሠሩበት አዳራሽ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ጡረታ የወጡ ምክትል ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ከጀርባቸው «ክብርት አለቃ» ይባላሉ፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ናቸው።

ክብርት አለቃ ኬሞ በወሰዱ ሰሞን እንኳ ፊታቸው አመድ መስሎ ይመጡና መጀመሪያ ወንበሮቹን መስመር ያስይዛሉ። ስፖርቱን የምታሠራቸውን ፊዚዮቴራፒስት «ልጄ፣ ቆጠራሽ ይፈጥናል» ብለው ይገስጻሉ። ዊጓ የተጣመመባት ካለች ያቃናሉ። ማቅለሽለሽ ይዟት ፍራሽ ላይ የተጋደመችውን «ተኝተሽም ቢሆን ቁርጭምጭሚትሽን አዙሪ!» ይላሉ። ሰበብ ላቀረበ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ይኼ ሕመም አይደለም፣ ስንፍና ነው!»

ከሁሉ የባሰባት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ ግራ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ ብሏል። ሱቋ ተዘግቷል፤ ጨርቅ ዘርግቶ መቁረጥ፣ የተሰፋውን ከፍ አድርጎ መስቀል በአንድ እጅ አይሆንም። ሐኪሞቹ «ቁስሉ ጠግጓል፣ ስፌቱ አይተረተርም» ቢሏትም አታምንም። ስፌት እንዴት እንደሚተረተር ከሷ በላይ ማን ያውቃል? እጇ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ላብ ያጠምቃትና ታወርደዋለች። ክብርት አለቃም ካሉበት ሆነው «ስንፍና!» ይላሉ። አንዳንድ ቀን ብታንቃቸው ደስታዋ ነበር፤ ግን ለማነቅም ሁለት እጅ ያስፈልጋል።

አንድ ጠዋት ፊዚዮቴራፒስቷ ዘገየች። ክብርት አለቃ ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ብድግ ብለው ከፊት ቆሙ። «የታመመውን እጅ! እኔን እያያችሁ!» አሉና ቀኛቸውን አነሱ፤ እሳቸው የታመሙት በቀኝ በኩል ነዋ። ልብስ ሰፊዋ በድንጋጤ እሳቸው ያነሱትን አነሳች፤ ቀኟን። ደህነኛው እጅ ምን ገዶት! ሽቅብ ወጣ።

«እዩልኝማ!» አሉ ክብርት አለቃ። «ብዬሽ አልነበረም? ስንፍና ነው ብዬሽ አልነበረም?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የክብርት አለቃ ዓይን እንባ አቀረረ። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ዝም ልበል ይሆን? አለች በሆዷ፤ ግን እንዲህ ደስ ያላቸውን ሴትዮ ማታለል ከበዳት።

«እትዬ… ይኼ እኮ ደህነኛው ነው።»

ክብርት አለቃ የሷን እጅ አዩ፣ የራሳቸውን አዩ። ከዚያ ሳቁን የጀመሩት ራሳቸው ናቸው።

«ወይ ጉዴ! ለካ ደህናውን እጅ ነው ያዳንኩት!»

ጎናቸውን ይዘው ሲንፈራፈሩ ሻሻቸው ሸርተት አለና አንድም ፀጉር ያልቀረበት ራሳቸው ተገለጠ። ሁልጊዜ ጥብቅ አድርገው ስለሚያስሩ ማንም አይቶት አያውቅም ነበር። ሳቃቸው ቀጥ አለ። እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው።

ልብስ ሰፊዋ አላሰበችም። ወደ ፊት ሮጠችና ሻሹን አፈፍ አድርጋ፣ በቁመት የሚበልጧትን ሴትዮ ተንጠራርታ፣ ከግንባራቸው አንስታ እስከ ማጅራታቸው አስተካክላ አሰረችላቸው። ጠርዙን አናታቸው ላይ ስታሳምር ነው የሁሉም ዓይን እሷ ላይ መተከሉን ያስተዋለችው።

«እንዳታወርጂው» አሉ ክብርት አለቃ በሹክሹክታ።

ቀና ብላ አየች። ግራ እጇ ከራሷ በላይ ነው። ይጎትታል፣ ይለበልባል፤ ግን ምንም አልሆነም። «እፎይ» ልትል አፏን ስትከፍት ለቅሶ ቀደማት። ደስ ብሏት እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች በሁለት እጇ ተጠመጠመችባቸው።

«ቀስ በይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ» አሉ ክብርት አለቃ፤ «እኔም ስፌት አለብኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትእዛዛቸውን አልሰማችም።