በይፍሩ ኮምፒውተር የተሰጠ ይቅርታ

ለቅሶ ቤት ገብቶ ከማልቀስ ይልቅ ከሞት ጋር የሚከራከር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ይህን ሹመት የያዘው የሞባይልና የኮምፒውተር ጠጋኙ ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ይፍሩ ነው። ማዕረጉን የሰጠችው የሟች ጓደኛው ሚስት አገኘሽ ናት፤ የሰጠችውም በንዴት ነው።

ይፍሩ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ካነበበ ሰፈሩ ሰላም አያገኝም። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን "እስከ ሞት የሚባል ነገር በቅርቡ ይቀራል" ብሎ አስደንግጧል። ስኳር ሊገዛ ገብቶ ጅምላ ነጋዴውን ሙደሲርን "ነፍስህ እኮ ኮምፒውተር ላይ ብትገለበጥ አንድ ሃርድ ዲስክ አትሞላም" አለው።

"ነፍስ የአላህ አደራ ናት። አደራ የተሰጠህን ታባዛለህ እንዴ?" አለ ሙደሲር ሚዛኑን እያየ።

"አልገባህም!" አለ ይፍሩ። በሱ ሐሳብ ያልተስማማ ሁሉ አልገባውም። መምሬ ኃይለመስቀልንም መንገድ ላይ አቁሞ "አእምሮ ወደ ማሽን ሲዛወር ንስሐ የሚገባው ማነው?" ብሏቸዋል። "መጀመሪያ አንተ ግባ፣ ልጄ" ብለውት ሄዱ።

አገኘሽ ድሮ ይህን ሁሉ በሳቅ ታልፈው ነበር። ከምዕራብ ዓባያ ሙዝ የሚያመላልሰው ሹፌር ባሏ ጌታነህ ከሞተ ወዲህ ግን ሳቋ አልቋል። በዚያ ላይ ጌታነህ ከታላቅ ወንድሙ ከካሱ ጋር፣ ካሱ በአባታቸው መሬት በድሎት፣ ተጣልቶ፣ የትውልድ ቀያቸው የኦቾሎ ሽማግሌዎች የዕርቅ ቀን ቆርጠውላቸው ሳለ ቀኑ ሳይደርስ ነው የሞተው። በአገሩ ደንብ ዕርቅ ፊት ለፊት ነው፤ ተበዳይ በራሱ አፍ "ይቅር ብያለሁ" ካላለ ዕርቅ የለም።

በአርባው ተዝካር ካሱ ከኦቾሎ ወርዶ ድንኳኑ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሊበላ ሲል ይፍሩ ላፕቶፕና ስፒከር ይዞ ከተፍ አለ።

"ጌታነህ አልሞተም! ድምፁን ከየስልኩ ሰብስቤ እዚህ አስገብቼዋለሁ። ካሱ፣ ጠይቀው!"

"ጌታነህ፣ ይቅር ብለኸኛል?" አለ ካሱ ወደ ስፒከሩ ጠጋ ብሎ።

ይፍሩ አንድ ቁልፍ ተጫነ። "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ወንድሜ" አለ የጌታነህ ድምፅ። ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ።

የአገኘሽ ደም ፈላ። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ይፍሩ ስልኩን እጠግናለሁ ብሎ ያበላሸበት ጊዜ ጌታነህ ለይፍሩ በድምፅ የላከለት ነው። የስፒከሩን ገመድ መንጭቃ ነቀለችው።

"ባሌ ያላለውን በባሌ አፍ ታስብላለህ? እግዚአብሔር ፊት ቆሞ የሚጠየቀው እሱ ነው ወይስ ይሄ ቆርቆሮህ? ያልማረውን ሰው ማረ ማለት በነፍሱ ላይ መዋሸት ነው!"

"ታዲያ ሰውየው ሲሰቃይ ዝም ብዬ ልየው?" አለ ይፍሩ።

ካሱ ቀና አለ። "ተይው፣ አገኘሽ። ውሸት እንደሆነ አውቄያለሁ። ጌታነህ ጋሼ እንጂ ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም። ድምፁ ናፍቆኝ ነው ዝም ያልኩት።"

አገኘሽ ገመዱን ጥላ ወደ ካሱ ቀረበች። "ጋሼ ካሱ፣ የጌታነህን ይቅርታ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። የኔን ግን ይኸው በገዛ አፌ፦ ይቅር ብዬሃለሁ።" ወደ ይፍሩ ዞረች። "አንተ ደግሞ እኔ ስሞት ድምፄን እንዳትለቅም! እንደ ሰው ቁጭ ብለህ አልቅስልኝ። ለጓደኛህ እንኳ እስካሁን አላለቀስክም!"

ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ላፕቶፑን አጥፎ ካሱ አጠገብ ተቀመጠና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። አገኘሽ ንዴቷ ሳይበርድላት ከጎኑ ተቀመጠችና አብራው አለቀሰች።