የአያ ገነነ ረጅም ንግግር

በየቀበሌው ከመንግሥት በላይ ለመንግሥት የሚቆረቆር አንድ ሰው አይጠፋም። ቡሬ አጠገብ ባስተማርኩባት ቀበሌ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አያ ገነነ ነበሩ። ሹመት የላቸው፣ ደመወዝ የላቸው፤ ጎጇቸው አናት ላይ ግን ባንዲራ ትውለበለባለች።

ማዳበሪያ የዘገየ ጊዜ «ማዳበሪያው መች ዘገየ? ዝናቡ ነው እንጂ የቸኮለ!» አሉን። ስኳር ከገበያ ሲጠፋ፣ መንግሥት ለጥርሳችን አስቦ መሆኑን አስረዱ። የገዛ ልጃቸውን ሠርግ የከፈቱት በልማት ሪፖርት ነው፤ ሙሽሪት ቆማ ጠበቀች። ስብሰባ ላይ እጃቸውን ሲያወጡ ያየች ሴት ቤቷ ሄዳ ወጥ ሠርታ ትመለሳለች፤ ንግግሩ አያመልጣትም። መንግሥትን የሚያወድስ ሰው ማን ደፍሮ ያቋርጣል?

እኔን ጉድ የሠራኝ የገዛ አፌ ነው። በእርከን ሥራው ዘመቻ ላይ «ይኼን እርከን ክረምት ሲገባ ውሃ ይወስደዋል» አልኩ። ወሬው ወረዳ ደረሰ። ሰኔ ላይ «ፀረ ልማት» ነው ብሎ በሕዝብ ፊት ሊገመግመኝ አንድ የወረዳ ሰው በመኪና መጣ። ጥፋተኛ ከተባልኩ ወደ ሩቅ ቆላ መዛወሬ ነው፤ ባለቤቴ ሰብሊ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል።

«ስለ መምህሩ ሕዝቡ ይመስክር» ሲባል አያ ገነነ እጃቸውን አወጡ። በቃ፣ አለቀልኝ።

«መንግሥት ማለት አባት ነው!» ብለው ጀመሩ። ከመንገዱ ወደ ጤና ኬላው፣ ከጤና ኬላው ወደ ንብ ቀፎው ተሻገሩ። ሰማዩ ጠቆረ። ወንዙ ከሞላ መኪናው ስለማያልፍ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እንግዳው ሰዓቱን አየ፣ ደመናውን አየ፤ አያ ገነነ ግን ስለ ምርጥ ዘር ገና መጀመራቸው ነበር። በመጨረሻ ሰውየው እያጨበጨበ ተነሣና «አባታችን ሁሉንም ብለውታል፤ መምህሩን እዚሁ ምከሩትና ይበቃል» ብሎ ወደ መኪናው ሮጠ።

እፎይ! ዝናቡ ሲወርድብኝ እንኳ አልተጠለልኩም።

አያ ገነነ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጠጋ አሉኝ። «መምህር፣ እርከኑን እኮ ውሃ ይወስደዋል። እኔም አይቸዋለሁ።»

«ታዲያ እንዲያ ሲያሞግሱ የዋሉት ምነው?»

«መንግሥቴን እወደዋለሁ፤ ቀልድ የለም። የሚወዱት ሊሳሳት ሲል ደግሞ ዝም አይባልም፤ እስኪመሽ ይወራል እንጂ!»

ሰብሊ በሳምንቱ በሰላም ወለደች። ክርስትናው ዕለት፣ ገበታው ቀርቦ ሳለ፣ አያ ገነነ ንግግር ለማድረግ ብድግ አሉ። ሰው ሁሉ ወጡን እያየ አጉረመረመ። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።